የቸኮል ክብደት

በጓቸና ረጅሙን ግልቢያ የሚወዳደር ሰው፣ በውድድሩ ጠዋት ሚስቱ፣ ሚስት ከሌለችው እናቱ ወይም እህቱ በብብቱ ይዛ ከምድር ብድግ ሳታደርገው እርካብ አይረግጥም። ብድግ አድርጋው «ትከብዳለህ፤ ሂድ» ትለዋለች። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ፣ በተለይ ሴትዮዋ ቀጭን ባልየው ወፍራም ከሆነ፣ መሳቁ አይቀርም። የአገሩ ሰው ግን አይስቅም።

እንደሚነገረው፣ በጥንት ዘመን ጓቸናና ድልማ የተባለው የወንዝ ማዶ አገር በመሃላቸው ባለ ጨፌ ሲጣሉ ኖረው፣ ደም ከምንፋሰስ ፈረስ ይፍረደን ብለው ተማማሉ፤ ቀድሞ የገባው ፈረስ ጨፌውን ለአገሩ ያስገኛል። ጓቸና የተማመነችው በቸኮል ነበር። ቸኮል ዳማ ፈረሱን ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ሲያዘጋጅ ከረመ፤ የሣር ሆዱ እንዲጠፋ ግጦሹን ቀንሶ የተነከረ ገብስ ያስበላዋል፣ ኮቴው እንዲጠነክር በጠጠር ላይ ያስኬደዋል፣ ትንፋሹ እንዲረዝም ዳገቱን በሶምሶማ ያስወጣዋል። ገብሱን በቅል እያንቋቋች ጠርታ የምታበላው ግን ሚስቱ አንጓች ነበረች፤ ሙገሳው እንደ ወጉ ለባል ነው።

ውድድሩ ሲቃረብ ቸኮል ከፈረሱ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረለት፤ ፈረሱ ግን ሸክም ከረሳ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ሊሆን ነው። ስለዚህ ቸኮል የራሱን ሱሪና እጀ ጠባብ ገለባና አሸዋ አስሞልቶ፣ በራሱ ክብደት ልክ አስመዝኖ፣ ኮርቻው ላይ በጠፍር አሳሰረው። አንድ ሽማግሌ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ ሰው የሌለበትን ኮርቻ ተዉት» ቢሉም ሰሚ አላገኙም። ዳማው መንገዱን ያውቀዋልና በየማለዳው ጉም ውስጥ ይለቁታል፤ ደርሶ ይመለሳል።

ያን የገለባ ጋላቢ ከኮርቻ የምታወርደው አንጓች ነበረች፤ ባሏንም ከመደብ የምታነሳው እሷው ናት። መጀመሪያ ድካም መስሏት ነበር። እያደር ግን ገለባው ከበዳት፣ ባሏ ቀለላት። አንድ ማለዳ የገለባው ጉልበት የፈረሱን ጎን ጨምቆ ይዞ አልላቀቅ አላት፤ እጀ ጠባቡም ላብ ሸተታት፣ የቸኮል ላብ። ፈራች፤ ለባሏም ነገረችው።

«በሽታ ያከሳል፣ አንጓች። ጨፌው ከተገኘ በኋላ ታወፍሪኛለሽ» አላት። ድምፁ ራሱ ቀጥኖ ነበር።

የውድድሩ ዕለት ጓቸናዎች ጋላቢ አጣን ብለው አንገታቸውን እንደ ደፉ፣ ዳማው ማንም ሳይመራው ጋላቢውን ይዞ ከጉሙ ወጣና ከተሰለፉት ጎን ቆመ ይባላል። ጋላቢው ጋቢ እስከ ዓይኑ ተከናንቧል፤ ማን እንዳለበሰው የሚያውቅ የለም። «ቸኮል ድኖ መጣ» ብለው አገሩን በእልልታ አቀለጡት።

እቤት ግን አንጓች ቡልኮውን ስትገልጥ ቸኮል ከመደቡ ብድግ አለ፤ በእግሩ ቆሞ ሳይሆን ተንሳፍፎ። እስከዚያ ይዞት የቆየው ቡልኮው ነበር። የሩቁን እልልታ ስትሰማ ነገሩ ገባት፤ ያ ፍጡር የቸኮልን ስም ይዞ ቀድሞ ከገባ ለባሏ የሚተርፈው ነገር የለም። በመቀነቷ ከምሰሶው ጋር አሰረችውና ቅሉንና ቢላዋ ይዛ ወደ መጨረሻው መታጠፊያ ሮጠች።

ዳማው ሌሎቹን ፈረሶች ሁሉ ወደ ኋላ ጥሎ ብቻውን መጣ። ቅሉን አንቋቋችው። ፈረሱ ጆሮውን ቀስሮ፣ መንገዱን ትቶ ወደ እሷ ዞረና ቆመ። ከጋቢው ውስጥ የባሏ ድምፅ፣ ያ የጤናው ጊዜ ወፍራም ድምፅ፣ «አንጓች፣ ጥቂት ነው የቀረኝ፤ ልለፍ» አላት።

ያን ድምፅ ናፍቃው ነበር። እያለቀሰች ጠፍሩን ቆረጠችው። የወደቀው ገለባና አሸዋ ብቻ ነበር። የድልማ ፈረሶችም በአጠገባቸው አልፈው ገቡ።

እቤት ስትደርስ ቸኮል ምሰሶው ሥር ተዘርሮ ያቃስታል። ልታነሳው ሞከረች፣ አቃታት። ደግማ ሞከረች፣ አሁንም አቃታት፤ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ ከት ብላ ሳቀች አሉ።

ጨፌው እስከ ዛሬ የድልማ ነው። በበጋ የጓቸና ከብቶች ድንጋያማው ተረተር ላይ ቆመው የማዶውን ለምለም እያዩ እምቧ ይላሉ፤ ወንዶቹ አሁንም ይቆጫቸዋል፣ አንጓችንም የሚያማ አይጠፋም። ሴቶቹ ግን ከከሱት ላሞቻቸው ጥቂቷን ወተት እያለቡ «የቸኮል ዋጋ ነው፤ አልተወደደብንም» ይላሉ።