«ቤቶች!» ብሎ የቀረው ሳጥን

ጠጋ በሉ። የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው፤ የተጨመረ ካለ የጨመረችው አህያዋ ናት።

እትዬ ዝማምነሽ ልጇን ትርንጎን በምትድርበት ቀን አህያዋ የቤቱ በር ላይ ዘፍ ብላ ተኛች። ሙሽራዋ ከውስጥ፣ ሙሽራው ከውጭ፣ አህያዋ መሃል። በእኛ መንደር ሙሽራ አህያ ተራምዳ አትወጣም፤ ከተራመደች የምትወልደው ልጅ ጆሮው ይረዝማል። የሙሽራው አባት ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየና፣ «ጥላችን እግራችን ስር ሳይገባ ካልወጣች፣ እኛ ሄደናል» አለ።

«አህያዬ፣ ተነሽ» አለች እትዬ ዝማምነሽ።

«ውሃ ሳልጠጣ አልነሳም።»

የቤቱ ውሃ ሁሉ ጠላ ሆኗል። ጠላ ቢያቀርቡላት አሽትታ ፊቷን አዞረች፤ ጨዋ ናት።

እናት ወደ ቧንቧው ሮጠች። «ቧንቧ፣ ቧንቧ፣ ውሃ አፍስስ! አህያዬ አልነሳ አለች፣ ልጄ አልወጣ አለች።»

«ፓምፑ ሳይገፋልኝ ከየት አምጥቼ?»

«ፓምፕ፣ ፓምፕ፣ ውሃ ግፋ! ቧንቧው አላፈስ አለ፣ አህያዬ አልነሳ አለች፣ ልጄ አልወጣ አለች።»

«ሳጥኑ ሳያዘኝ ጣቴን አላነሳም» አለ ፓምፑ። ጣት እንኳ የለውም።

የሳጥኑ ነገር እንዲህ ነው። ሆዱ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር አለች። ጠዋት ሲቀሰቅሱት፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንደ ጨዋ እንግዳ በየደጁ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። «ደጆች!» ሲሉት አረንጓዴ መብራት አብርቶ ያልፋል። ያን ጠዋት ኃይል የሚሰጠው የፀሐይ ሰሌዳ መለሰለት፣ በራ። ፓምፑ መለሰለት፣ በራ። ሦስተኛው ደጅ ላይ ግን ድርቅ ብሎ ቀረ። የውሃው ጠባቂ አያ እሸቴ አጠፋው፣ አበራው፤ እዚያው ቀረ። በጥፊ አላጋው፤ እዚያው ቀረ። በእናቱ ሰደበው፤ እናት የለውም፣ እዚያው ቀረ።

«ሳጥን፣ ሳጥን፣ ፓምፑን እዘዘው! ፓምፑ አልገፋ አለ፣ ቧንቧው አላፈስ አለ፣ አህያዬ አልነሳ አለች፣ ልጄ አልወጣ አለች።»

«ታንከሩ ውስጥ የምትንሳፈፈው ኳስ ደጅ ቆሜያለሁ። ውሃው ሞላ ጎደለ የምትለኝ እሷ ናት። ሳትመልስልኝ ማለፍ ነውር ነው።»

«ይሄን ሳጥን ማን ነው ያሳደገው?» አለ አያ እሸቴ።

እናት ታንከሩ ላይ ወጣች። «ኳስ፣ ኳስ፣ መልሺለት! ሳጥኑ አላልፍ አለ፣ ፓምፑ አልገፋ አለ፣ ቧንቧው አላፈስ አለ፣ አህያዬ አልነሳ አለች፣ ልጄ አልወጣ አለች።»

«እኔማ ‹ደጆች› እያልኩ ጉሮሮዬ ነቃ። ድምፄን የሚያደርሰው ሽቦ ነው የጠፋው።»

ሽቦው ጎረቤት፣ የአያ ጫኔ ፍየል አንገት ላይ ተገኘ።

«ሽቦ፣ ሽቦ፣ ቦታህ ግባ! የኳሷ ድምፅ አልደርስ አለ፣ ሳጥኑ አላልፍ አለ፣ ፓምፑ አልገፋ አለ፣ ቧንቧው አላፈስ አለ፣ አህያዬ አልነሳ አለች፣ ልጄ አልወጣ አለች።»

«ጫኔ ሳይፈታኝ ወዴት?»

አያ ጫኔ አዲስ ነጠላ ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

«ጫኔ፣ ምነው የታንከሩን ሽቦ?» አለ አያ እሸቴ በመስኮት።

«ፍየሏ ገመዷን በላች። ያ ሽቦ ደግሞ ሥራ ፈቶ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። አልፈታም! ላልተጠራሁበት ሰርግ ምን አገባኝ?»

«ውይ በሞትኩት! እሸቴ አልጠራህም?» አለች እናት።

«እኔማ አንቺ የጠራሽው መስሎኝ» አለ እሸቴ።

«መንደሩ ሁሉ እንዲሁ ይላል» አለ ጫኔ። «እኔ ግን ‹ደጆች› ልል አፌን ከፍቼ ብጠብቅ፣ አንድም ‹ቤቶች› ያለኝ የለም።»

እትዬ ዝማምነሽ ጥላዋን አየች፤ ተረከዟ ስር ሊገባ ስንዝር ቀርቶታል። ነጠላዋን አስተካክላ ደጁ ላይ ቆመች።

«ቤቶች!»

«ደጆች!» አለ አያ ጫኔ ብድግ ብሎ።

«ልጄን ድሬያለሁ፤ ናልኝ!»

ጫኔ ፍየሏን ፈታ፣ እሸቴ ሽቦውን ቀጠለ፣ ኳሷ «ደጆች!» አለች፣ ሳጥኑ አለፈ፣ ፓምፑ ገፋ፣ ቧንቧው አፈሰሰ፣ አህያዋ ጠጥታ ተነሳች፣ ትርንጎ ወጣች። የሙሽራው አባት ጥላውን ቢፈልግ፣ የአውራ ጣት ያህል ቀርታለታለች።

ፍየሏም መጣች። እሷን ማንም አልጠራት፤ ግን አላኮረፈችም።

እኔም ይኸው ደጃችሁ ቆሜያለሁ። ቤቶች! ካልመለሳችሁልኝ፣ እንደ ሳጥኑ እዚሁ ነኝ።