ኸድጃና የመብራቷ ድንጋይ

ተረቴ ጎማ ናት፤ ዞራ ዞራ ከተነሳችበት ትመጣለች።

ደሴ ውስጥ ኸድጃ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ብስክሌት ነፍሷ ነው፤ ቀኑን ግን የስፌት መኪናው ይበላባታል፣ የሚተርፋት ማታው ብቻ ነው። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ብስክሌተኞች ከቶሳ ተራራ ይወርዳሉ። አለቃቸው ቢተው ሦስት ቅዳሜ ሙሉ «መብራት የሌለው ብስክሌት አይወርድም» እያለ መልሷታል። የሱቁ መብራት ዋጋው እሳት ነው። ዛሬም ከመለሳት ብስክሌቷን ልትሸጥ ቆርጣለች፤ ቆሞ ባየችው ቁጥር አንጀቷ ያራል።

ጠጋኙን ጋሽ እንድሪስን ደጃፋቸው ላይ አንዲት ባጃጅ በጀርባቸው ደግፈው አገኘቻቸው።

«ጋሽ እንድሪስ፣ በአቅሜ መብራት ይሠሩልኛል?»

«ከወዳደቀ የሞተር መብራት እሠራልሻለሁ፤ አብሽሪ። ብቻ ድንጋይ አምጪ፣ ቶሎ በይ!»

ባትሪ መቼም ያለ ድንጋይ አይበራም። ኸድጃ ወደ ሱቅ ሮጠች።

«የባትሪ ድንጋይ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው» አሉ ባለሱቋ እትዬ ፋንታዬ፤ «መሰላሌ ደግሞ አናጢው ጋ ነው።»

ያለ መሰላል ድንጋይ የለም፤ ያለ ድንጋይ መብራት የለም፤ ያለ መብራት ቶሳ የለም። ወደ አናጢው ሮጠች።

«የመሰላሉ እግር ወልቋል» አለ አናጢው፤ «መዶሻዬን ግንበኛው ሰይድ ወስዶ በምን ልምታው?»

ያለ መዶሻ መሰላል የለም፤ ያለ መሰላል ድንጋይ የለም፤ ያለ ድንጋይ መብራት የለም፤ ያለ መብራት ቶሳ የለም። ፀሐይዋም አዘቀዘቀች። ወደ ሰይድ ሮጠች።

«መዶሻውን አልሰጥም» አለ ሰይድ፤ «ግንቤ አንድ ድንጋይ ጎድሎታል።»

ያለ ድንጋይ መዶሻ የለም፤ ያለ መዶሻ መሰላል የለም፤ ያለ መሰላል ድንጋይ የለም፤ ያለ ድንጋይ...

«ቆይ ቆይ፣ የምን ድንጋይ? የባትሪ?»

«አበድሽ እንዴ እህቴ? የግንብ ነዋ!»

የቶሳ ልጅ ድንጋይ ይቸግራታል? ከመንገድ ዳር አንዱን አንስታ አቀበለችው።

ሰይድ ድንጋዩን ሰክቶ መዶሻውን ሰጠ፤ አናጢው በመዶሻው መሰላሉን ጠገነ፤ እትዬ ፋንታዬ በመሰላሉ ወጥተው የባትሪ ድንጋዮቹን አወረዱ፤ ኸድጃም እያለከለከች ጋሽ እንድሪስ ጋ ደረሰች። ሰውዬው አሁንም ባጃጇን ደግፈዋል፤ ላብ አጥምቋቸዋል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነዋ!»

«አንቺ ልጅ! ባጃጇ እንዳትንሸራተት ጎማዋ ሥር የምትከቺውን ነው ያልኩሽ! የመብራቱንማ ባትሪ ከአሮጌ ላፕቶፕ አውጥቼ አስቀምጫለሁ!»

ለጎማው የሚሆን ድንጋይ እዚያው ደጃፋቸው ላይ ነበር። በእግሯ ገፋ አድርጋ ጎማው ሥር ከተተችው። ጋሽ እንድሪስ እየተራገሙም እየሳቁም ሳይመሽ መብራቱን ገጠሙላት። የባትሪ ድንጋዮቹ ኪሷ ውስጥ ቀሩ።

ቶሳ አናት ላይ ቢተው መብራቷን አይቶ ከሰልፉ አስገባት። ቁልቁለቱን ተያያዙት። መሀል ላይ ቢተው መሪው ላይ ያሰራት ባትሪ ጥፍት አለች።

«ኧረ ድንጋይ ያላችሁ!» ብሎ ጮኸ።

ጅብ የመጣ መስሏቸው ሁሉም ጎንበስ ጎንበስ ብለው ድንጋይ አነሱ። ኸድጃ ብቻ እጇን ኪሷ ከተተች።

«እንካ» አለችው፤ «መብራት የሌለው ብስክሌት አይወርድም።»

ከዚያ ወዲህ የመለሳት የለም። ጎማዬ እዚህ ቆመች፤ ባለተራ ይግፋት።