የጎረቤት ሽንት ጨርቅ

አንድ ግንበኛ ሚስቱ በወሊድ ሞታበት ከጨቅላ ሴት ልጁ ጋር ብቻውን ቀረ። ከአጥሩ ወዲያ የሚኖረው አንጥረኛም በዚያው ሰሞን ወንድ ልጅ ተወልዶለት ነበር።

ማለዳ ማለዳ በአንጥረኛው ግቢ ነጫጭ ሽንት ጨርቆች ገመድ ላይ ይሰጣሉ። ግንበኛው ባያቸው ቁጥር አንጀቱ ያርራል። «እናት ያለችበት ቤት ከሩቁ ያስታውቃል» ይላል። ሽንት ጨርቅ ማጠብ የእናት ሥራ ነው ብሎ ስለሚያምን እሱ ዳይፐር ይገዛል። ዳይፐሩ እርጥበቱን ስለሚሸሽግ ቶሎ አይቀይርላትም። የልጅቱ ጭን ቀላ፣ ተላጠ፤ ለቅሶዋም አላባራ አለ። የጣለውን ዳይፐር ደግሞ ውሾች እየጎተቱ በመንደሩ ይበትኑታል።

አንድ ቀን ልጁን አዝሎ ሲያባብል የአንጥረኛው ልጅ ከአጥር ወዲያ ሲስቅ ሰማ። ሳቁ እንደ እሳት ለበለበው። እጁን በአጥሩ አሾልኮ የገመዱን ቋጠሮ ፈታ። ነጩ ሁሉ ጭቃ ላይ ወደቀ። «አሁን እናቱ ትምጣና ታልቅስ» አለ በልቡ።

የመጣችው ግን እናቱ አይደለችም። አንጥረኛው ራሱ ሳፋና ሳሙና ይዞ ብቅ አለ።

«ምነው ጎረቤት፣ ሚስትህ የለችም እንዴ?» አለ ግንበኛው ደንግጦ።

«አለች። እሷ ጡት ትሰጣለች፤ እኔ እሱ የለኝ፣ ጨርቁ ደረሰኝ!»

«ሰው አይስቅብህም?»

«ይስቃል እንጂ! መጀመሪያ የሳቀችው ሚስቴ ናት። ግን ጨርቅ ሲረጥብ አይደብቅም፤ ይጠራሃል። ትሄዳለህ፣ ትቀይራለህ፣ ልጁም ፊትህን ይለምዳል።» ከዚያ የተፈታውን ገመድ አነሳና ቀና ብሎ ግንበኛውን አየው። «ይህን ቋጠሮ ግን ነፋስ አይፈታውም።»

ግንበኛው አንገቱን ደፋ።

«በል ና» አለ አንጥረኛው። «ያቆሸሸ ያጥባል። ልጅቷን ለሚስቴ ስጣት።»

በነጋታው ግንበኛው አልነካውም ብሎ ያስቀመጠውን የሟች ሚስቱን ነጠላ ቀዶ ለልጁ ሽንት ጨርቅ አወጣላት። ቶሎ ቶሎ ሲቀይርላት ጭኗ ዳነ። የጎረቤቱ ሚስት እሹሩሩ ስትል ሲሰማ አሁንም ያመዋል። ልጁ ስትረጥብ ግን ብድግ ይላል።

የምንቀናበት ሁሉ የተነፈግነው አይደለም፤ አንዳንዱ ያልሞከርነው ነው። ዳይፐር ተጥሎ ለመንደር ቆሻሻ ይተርፋል። ጨርቅ ታጥቦ፣ ፀሐይ መትቶት፣ ተመልሶ ልጅ ያቅፋል። እናንተስ ወላጆች፣ የሰው ገመድ ከማየት የራሳችሁን መቼ ትወጥራላችሁ?