ሐሞቱ መውረጃ ያጣበት አደላህኝ

፦ ተረት ተረት!
፦ ጆሯችን ላንቺ ክፍት!

በድሮ ዘመን፣ ከዓባይ ወዲያ፣ አደላህኝ የሚባል ገበሬ ነበር። እናቱ እናኑ ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራትም። ሚስቱ ይታይሽ ትባላለች። ሦስቱም ባንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ ነበር።

አንድ ዓመት፣ በፋሲካ ማግስት፣ አደላህኝ ቅቤ የጠገበ ወጥ በልቶ ተነሣ። ከዚያም በቀኝ በኩል፣ ከጎድኑ ሥር፣ ውጋት ያዘው። ይሻለዋል ሲባል ባሰበት። ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሽንቱ ጠቆረ፣ ዓይነ ምድሩ እንደ አመድ ነጣ። ገላውን ሲያክ ይውላል። ጎረቤቱም «የወፍ በሽታ ነው፣ ወፍ ጥላዋን ጥላበት ነው» አለ።

ይታይሽ ግን መድኃኒት አዋቂውን አለቃ ምትኩን ጠርታ አመጣች። እሳቸውም ዓይኑን ገልጠው አዩ። ሆዱን ዳበሱ። እናኑ ለልጇ በግ አሳርዳ ነበርና የበጉን ሆድ ዕቃ አስመጡ።

፦ እዩ፣ አሉ። የበግ ሆድ ብዙ ነው፣ የሰው ግን አንድ ነው። ይህን የመጨረሻውን ይመስላል። ጨጓራ የሚያቃጥል ኮምጣጣ ውኃ ያመነጫል፣ ሥጋውን የሚፈጨው እሱ ነው። ራሱን እንዳይበላም ግድግዳው በሚያሟልጭ ልጋግ ተለስኗል። ቅቤን ግን ኮምጣጣው አይችለውም።

ከዚያም ጉበቱን ገልብጠው አረንጓዴዋን ከረጢት አሳዩ።

፦ ይቺ ሐሞት ናት። ጉበት ይሠራታል፣ ከረጢቷ ታቆያታለች። ቅቤ የበላን እንደሆነ በዚህች ቀጭን መንገድ ወደ አንጀት ትወርድና ቅቤውን ትበታትነዋለች። ከጨጓራ የወረደውን ኮምጣጣም ታበርዳለች። የአደላህኝ ሐሞት መንገዷ ተዘግቷል። መውረጃ ስታጣ ወደ ደሙ ተመለሰች። ዓይኑን ቢጫ ያደረገችው እሷ ናት።

፦ ይድናል ወይ? አለች ይታይሽ።

፦ መንገዱ ራሱ ከተከፈተ ይድናል። የሚከፍት እጅ ግን እኔ የለኝም። እስከዚያ ቅቤ አታቅምሱት፣ ያሠቃየዋል።

ይታይሽም የቅቤውን ቅል አርቃ ሰቀለችው። የገብስ አጥሚት ብቻ ትሰጠው ጀመር። አደላህኝ ከሳ። አጥንቱ ወጣ። እናኑ ማየት አቃታት።

፦ ልጄን በረሃብ ልትገድዪብኝ ነው!
፦ እማማ፣ አለቃ ያሉትን አብረን ሰማን እኮ።
፦ እሳቸው አልወለዱትም!

አንድ ቀን ይታይሽ ወንዝ ወረደች። እናኑም ቅቤ አቅልጣ ወደ ልጇ ቀረበች።

፦ እንካ የኔ ዓለም፣ ጉልበት ይሆንሃል።

አደላህኝ የእናቱን ዓይን አየ። እምቢ ሊላት አልቻለም። ጠጣላት።

ይታይሽ ስትመለስ ጩኸቱን ከደጅ ሰማችው። ገባች፣ ከንፈሩ ላይ ቅቤውን አየች። ወደ እናኑ ዞረች። እሱ ግን እጇን ያዘ።

፦ አደራሽን፣ ለማንም እንዳትናገሪባት። ወዳኝ ነው።

ጥቂት ሰነበተና ሞተ። ቅቤው አልገደለውም ልጆቼ፣ የገደለው የተዘጋው መንገድ ነው። ግን ይህን ለእናት አንጀት ማን ያስረዳል?

በለቅሶው ላይ ሴቶቹ ይታይሽን እያዩ «እህል ከልክላ ገደለችው» ይሉ ጀመር። ይታይሽ ሰማች። አንገቷን ደፋች። ዝም አለች፣ አደራ ነዋ። እናኑ ግን አልቻለችም። ከመካከል ተነሥታ ደረቷን መታች።

፦ ተዉአት! እሷስ ጠብቃው ነበር። ቅቤውን ያጠጣሁት እኔ ነኝ፣ እኔ እናቱ!

ሴቶቹም ዓይናቸውን ከይታይሽ ላይ አነሡ።

ከአርባው በኋላ የይታይሽ ወንድሞች በቅሎ ጭነው ሊወስዷት መጡ።

፦ ሂጂ ልጄ፣ አለች እናኑ። ገና ነሽ፣ ትዳር ታገኛለሽ።
፦ እርስዎም ይምጡ፣ እማማ።
፦ ልጄን እዚህ ቀብሬ? ለማን ትቼው?

ይታይሽ እርካቡን እንደያዘች ቆመች። ብዙ ቆመች። ከዚያም ለቀቀችው።

፦ እኔስ እርስዎን ለማን ልተው?

ወንድሞቿም በቅሎዋን ባዶዋን እየሳቡ ተመለሱ።

እኔ ነገርኩ፣ እናንተ ሰማችሁ። በሉ እንግዲህ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ከዚያ ቂጣ ቆረስ አድርጋችሁ አጉርሱኝ።