የሚዛኑ ሣጥን ቁልፍ

«እትዬ ባዩሽ፣ አንቺ አፍሽን ከፈትሽ፤ የታሰርኩት ግን እኔ ነኝ!» አለ ንጋቱ።

«እኔ አፌን ባልከፍት አንተ እስከ ዛሬ የደርበውን ጆንያ ተሸክመህ ትውል ነበር! ደግሞስ እስር ቤት ስንቅ ያመላለሰልህ ማን ሆነና?»

«አንቺ ነሽ። መች ካድኩ?»

«ጩኹ፣ ጩኹ» አለ ልብስ ሰፊው ሙህዲን፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ። «እኔ ገንዘብ ባላመጣ ሚዛን የለም። ሚዛን ከሌለ ደግሞ የምትጣሉበት ቁልፍም አይኖርም።»

በአንድ ወቅት፣ ሰኞ ገበያ በምትባል ከተማ፣ እነዚህ ሦስት ሰዎች በአንድ ቁልፍ እንዲህ ተጣሉ። ቁልፉ የሚከፍተው በገበያው መግቢያ፣ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር ያለ አንድ የእንጨት ሣጥን ነው። በሣጥኑ ውስጥ ሚዛን አለ፤ ሚዛኑም የሸማቾች ተሟጋች ማኅበር ንብረት ነው። ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ፤ ፍርዱን እናንተ ትሰጣላችሁ።

ማኅበሩ አይሸጥም፣ አያተርፍም። አባላቱ ገዝተው የሚበሉ ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በወር አሥር ብር ያዋጣሉ። በገበያ ቀን ተራ ገብተው፣ ማንበብ ለማይችል ሰው የዘይቱንና የወተት ዱቄቱን ማብቂያ ቀን ያነቡለታል። ተታለልኩ የሚል ሲመጣ አቤቱታውን ጽፈው ንግድ ቢሮ ድረስ አብረውት ይሄዳሉ። ደንባቸው ሁለት ገጽ ሙሉ ነው፤ ከሁሉ የጠበቀው ግን አንዱ ነው፦ ከሚሸጥ ሰው ስጦታ አይቀበሉም። አንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳ ቢሆን።

በዚያች ከተማ ደርበው የሚባል ባለሱቅ ነበር። ሰው ሁሉ ይወደው ነበር፤ እንደ እሱ የሚመርቅ ነጋዴ አልነበረማ። ስኳሩን መዝኖ ሲያበቃ እጁን ጆንያው ውስጥ ይከትና እፍኝ ሙሉ ይጨምራል። «ለልጆቹ» ይላል። ምስርም ሆነ ሩዝ እንደዚያው ነው። ሰዉ ሌላውን ሱቅ አልፎ እሱ በር ላይ ይሰለፍ ነበር።

ባዩሽም ከተሰላፊዎቹ አንዷ ነበረች። የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ምግብ አብሳይ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ደሞዝ ነው። አንድ ሳምንት የካምፑ ስኳር ቅዳሜ ሳይደርስ አለቀ። በሚቀጥለውም ሳምንት አለቀ። የካምፑ ኃላፊ «ወደ ቤትሽ ነው እንዴ የሚሄደው?» ሲላት ደሟ ፈላ። ከደርበው የገዛችውን ሁለት ኪሎ ስኳር ይዛ ጤና ጣቢያ ገባች፤ ሕፃናት የሚመዘኑበት ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። ነርሷ እየሳቀች ቁጥሩን አነበበችላት። ከነምርቃቱ እንኳ ሁለት ኪሎ አይሞላም።

ሰኞ ተሰለፈች። ሦስት ጊዜ ከሰልፉ ልትወጣ ብላ ሦስት ጊዜ ተወችው። ደርበው መዝኖ እጁን ለምርቃት ሲዘረጋ የፌስታሏን አፍ በመዳፏ ከደነችው።

«ምነው ባዩሽ፣ ዛሬ ምርቃት ጠላሽ?»

«የራሴን ስኳር መልሰህ አትመርቅልኝ!» አለች። ድምፅዋ እንደዚያ እንደሚጮኽ ራሷም አታውቅም ነበር። «በብርጭቆ ትቀንሳለህ፣ በእፍኝ ትመርቃለህ!»

ሰዉ ተቆጣ። የተቆጣው ግን እሷን ነበር። «በደግ ሰው ላይ!» «ምነው፣ አልበዛም እንዴ?» እያሉ ከሰልፉ ገፍተው አወጧት። በሁለተኛው ቀን ካምፑ አሰናበታት፤ ለካምፑ እህል የሚያቀርበው ደርበው ነበርና። ባዩሽ ግን ወደ ኋላ አላለችም። በሚቀጥለው ሰኞ ባዶ እጇን መጥታ ሱቁ ፊት ቆመች፤ ያንኑ ቃል ተናገረች። በሌላውም ሰኞ መጣች። ልጆቿ «እማዬ፣ ይበቃል» ቢሏትም አምስት ሰኞ ቆመች።

ንጋቱ የደርበው ተሸካሚ ነበር። አምስቱንም ሰኞ ጆንያ እያወረደ ሰማት። መጀመሪያ ሳቀባት፤ በኋላ ግን መሳቁን ተወ። በስድስተኛው ሰኞ፣ ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት፣ የሁለት ኪሎውን የሚዛን ብረት ይዞ ወጣ። ደርበው «ወዴት ነው?» አለው። ንጋቱ ብረቱን በደጃፉ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ ደጋግሞ መታው። የብረቱ መክደኛ ተፈናጠረ። ሆዱ ተቦርቡሮ በሰም ተሞልቷል።

«እኔ የምሸከመው ኩንታል ሙሉ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «የሚጎድለው በዚህ በር ሲወጣ ነው!»

በዚያው ቀን በስርቆትና በንብረት ማበላሸት ተከሶ ታሰረ። ሃያ አንድ ቀን ቆይቶ ሲፈታ አንድም ነጋዴ ጆንያ አላሸከመውም። «ብረት ሰባሪው መጣ» እያሉ በር ይዘጉበታል። ሚስቱ ደግሞ ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል።

ደርበው ግን አልወደቀም። «ብረቱን እኔም ገዝቼው ነው፤ ተታልያለሁ» አለና አዲስ ብረት አመጣ። ሰው ማንን እንደሚያምን ግራ ገባው። ያን ጊዜ ማኅበሩ ማንም ገዢ የገዛውን ዳግመኛ የሚያስመዝንበት፣ ንግድ ቢሮ ያረጋገጠው የራሱ ሚዛን እንደሚያስፈልገው አወቀ። ነገር ግን ካዝናው ባዶ ነበር። ነጋዴዎቹ ዱቤ እንዳይከለክሏቸው የፈሩ አባላት መዋጮ አቁመዋል።

ከማኅበሩ ኮሚቴ አንዱ የነበረው ሙህዲን የስፌት መኪናውን ሸፍኖ ተነሣ። የሄደው ወደ ቢያድግልኝ ነው። ቢያድግልኝ የከተማው ሁለተኛ ትልቅ ባለሱቅ ነው፤ ደርበው ቢዘጋበት የሚደሰት ሰው ነው። ሙህዲን የሚዛን መግዣ ጠየቀው፤ ቢያድግልኝም ሳያቅማማ ሰጠው። ሙህዲን ሚዛኑን ገዛ፣ በቢሮው አስመረመረ፣ ከዳሱ ሥር አቆመ። ከዚያም ራሱ በቀለም «የዚህን ሚዛን ዋጋ የሰጠው ነጋዴው ቢያድግልኝ ነው» ብሎ ሣጥኑ ላይ ጻፈና ጉባኤው ፊት ቀረበ።

«ደንቡን ጥሻለሁ። ከሚሸጥ ሰው ተቀብያለሁ፤ ደብቄ ግን አልተቀበልኩም። ከፈለጋችሁ አባርሩኝ። ሚዛኑን ግን ከዚህ አታነሡትም!»

ማኅበሩ ሙህዲንን ከኮሚቴው አወጣው። ሚዛኑን ግን አላነሣም። በመጀመሪያው ሰኞ አባላቱ እየተፈራረቁ ሲመዝኑ ዋሉ፤ የደርበው ስኳር አሁንም ጎደለ፤ የገዢዎቹ ሰልፍ ከዳሱ እስከ አስፋልቱ ደረሰ። ንግድ ቢሮ ሱቁን አሸገው። በሦስት ወር ውስጥ አርባ አንድ የነበረው አባል ከአራት መቶ በላይ ሆነ። መዋጮውም አንድ የሚዛን ጠባቂ ቀጥሮ ለማሠራት በቃ።

ንግድ ቢሮው ታዲያ እንዲህ አለ፦ «ሚዛን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አይታመንም። የአንድ ጠባቂ ስም አስመዝግቡ፤ እሱ ብቻ ይፈርምበት። እስከዚያው ሣጥኑ አይከፈት።» ያ ጠብ የተነሣበት ጉባኤም የተጠራው ለዚህ ነበር።

ሰብሳቢዋ እትዬ ጥሩአይነት፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ቁልፉን ጭናቸው ላይ አድርገው ሦስቱን አዳመጡ።

«እኔ ከሥራ የወጣሁት ለዚህ ሚዛን ነው» አለች ባዩሽ። «ልጆቼ እናንተ ዝም ስትሉ በተናገርኩት ተራቡ።»

«መናገርማ ማን ያቅተዋል?» አለ ንጋቱ። «እኔ እጄን አነሣሁ። ይኸው እጄ፣ ማንም አያሠራውም።»

«እኔ ደግሞ ስሜን ነው ያጣሁት» አለ ሙህዲን። «ቁልፉን ሌላ ሰው ቢይዝ፣ ሙህዲን ማኅበሩን ለቢያድግልኝ ሸጠው እንደተባለ ይቀራል። ለእኔ ስጡኝ፤ መጀመሪያ የምመዝነው የቢያድግልኝን ስኳር ነው!»

«ጋሽ ሙህዲን፣ ያበላዎትን?» አለ ንጋቱ።

«አዎ፣ እሱኑ! ምነው፣ አንተ ትፈራዋለህ?»

ከጉባኤው መሐል አንዱ «ባዩሽ ቁጡ ናት፤ ከነጋዴ ሁሉ ትጣላለች» አለ። ሌላው «ንጋቱ የሰው ንብረት ይዞ ወጥቷል፤ ነገ የእኛንስ?» አለ። ሦስተኛው የሙህዲንን ነገር ሊያነሣ ሲል ሙህዲን ራሱ «ሣጥኑ ላይ ጽፌዋለሁ፣ አንብበው» አለው።

«ታዲያ ለምን አይካፈሉትም?» ብላ ጠየቀች አንዲት ሴት።

«ደሞዙ አንድ ሰው እንኳ በመከራ ነው የሚያኖረው» አሉ እትዬ ጥሩአይነት። «ቢሮው ደግሞ አንድ ስም ብቻ ነው የሚጽፈው።»

እጅ ተቆጠረ። ደግሞ ተቆጠረ። ለሦስተኛ ጊዜም ሲቆጠር ከሦስቱ አንዳቸውም ግማሽ አላገኙም። ባዩሽ ሁለቱን ሰዎች አየቻቸው። ንጋቱ ብረቱን ባይሰብር ቃሏ የእብድ ቃል ሆኖ ይቀር እንደነበር ታውቃለች። ሙህዲንም ባይደፍር ደርበው ዛሬም ይመርቅ ነበር። ይህን ማወቋ ግን ልቧን አላበረደውም፤ ይብስ አነደደው። እነሱም ያለእሷ የት ይደርሱ ነበር? አልለቅም አለች በሆዷ።

በዚህ መሐል አንዲት አሮጊት የስኳር ፌስታል አንጠልጥለው ወደ ዳሱ ገቡ። ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው እንደመጡ አቧራው ይናገራል።

«ሚዛኑ ይኸ ነው?» አሉ። «ከቢያድግልኝ ሱቅ ገዝቼ ነው። ቀለል አለብኝ፤ እስቲ እዩልኝ።»

የጉባኤው ዓይን ሁሉ ሣጥኑ ላይ ወደተጻፈው ስም ዞረ።

«ይመዘንላቸው!» አለች ባዩሽ።

«ይመዘንላቸው እንጂ!» አለ ንጋቱ። ሙህዲንም ከመቀመጫው ብድግ አለ።

እትዬ ጥሩአይነት ቁልፉን አነሡ። «በማን እጅ?»

ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ። አንዳቸውም እጃቸውን አልመለሱም። የባዩሽ ክንድ ከንጋቱ ክንድ ጋር ተነካካ፤ እሱም አልሸሸም፣ እሷም አልሸሸችም።

አሮጊቷ የተዘረጉትን እጆች አንድ በአንድ አዩ። የተቆለፈውን ሣጥን አዩ። ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ ፌስታላቸውን እንዳንጠለጠሉ በመጡበት መንገድ ሄዱ።

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ፍረዱ፦ ቁልፉ የሚገባው አፏን ለከፈተችው ነው፣ ብረቱን ለሰበረው ነው፣ ወይስ ሚዛኑን ላቆመው?