ሰባት ቤት የቆጠረው እብጠት

ተረቴ ራሷ አጭር ነው፣ ጅራቷ ግን ረጅም ነው፤ ጅራቷን ይዛችሁ ተከተሉኝ።

እማማ ዘርፌሽዋል የሚባሉ ሴት ነበሩ። የልጅ ልጃቸው ስንዱ ሴት ልጅ ስትወልድ፣ እማማን አንድ ነገር ብቻ አማራቸው፦ አንቀልባውን ከቆጥ አውርደው ሕፃኗን ማዘል።

«እኔ ላውርድልሽ» አለች ስንዱ።

«ምነው፣ እኔ እጅ የለኝም?» አሉና ቀኝ ክንዳቸውን ቢያነሡት እንቢ አለ።

«ክንድ፣ ተነሣ እንጂ!» አለችው ስንዱ።

«አልነሣም» አለ ክንድ። «ብብቴ ውስጥ እብጠት ተጎልቷል።»

ዶክተር ኅሩይ ዳበሰው፣ ናሙና ወሰደ፣ ካንሰር ነው አለ።

«እብጠት፣ ውረድ! ክንድ ይነሣ!» አለች ስንዱ።

«አልወርድም» አለ እብጠት። «ማን መትቶኝ?»

ስንዱ ዘበኛውን ጠራች። ሐኪሞች ሊምፎሳይት ይሉታል፤ በደም ውስጥ እየዞረ ያገኘውን ሁሉ «የማን ልጅ ነህ?» ይላል፤ ባዕድ ከሆነ ይገድላል።

«ዘበኛ፣ እብጠትን ምታ! እብጠት ይውረድ፣ ክንድ ይነሣ!»

«አልመታም» አለ ዘበኛ። «ስጠይቀው ሰባት ቤት ቆጠረልኝ። የእማማ ሥጋ ነው፣ ዘመድ ነው።»

ይህ ውሸት አይደለም። እብጠቱ ከሌላ አገር አልመጣም፤ ከራሳቸው ገላ የበቀለ ነው። ዘመድ ነኝ ብሎ የተቀመጠን ማን አስወጥቶ ያውቃል?

ስንዱ ቃፊሩን ጠራች። እሱም በገላ ውስጥ እየዞረ፣ ካገኘው ሁሉ ፍርፋሪ ለቅሞ ለዘበኛ የሚያሳይ ሰላይ ነው።

«ቃፊር፣ ለዘበኛ ንገረው! ዘበኛ እብጠትን ይምታ፣ እብጠት ይውረድ፣ ክንድ ይነሣ!»

«አልነግርም» አለ ቃፊር። «ስንቴ ልንገረው? ፍርፋሪውን አሳይቼ፣ ‹አምስተኛውን አያት ተሳስቷል፣ አድምጠው!› አልኩት። ገባው። ዱላውን ሲያነሣ ግን እብጠት ‹ወንድሜ!› ብሎ እጁን ጨበጠው፣ አልለቅም አለ። ዘበኛም ይሉኝታ ያዘው፣ እንደቆመ ቀረ።»

ስንዱ መድኃኒቱን ጠራች፤ ሥራው የተጨባበጠ እጅ ማላቀቅ ነው።

«መድኃኒት፣ እጃቸውን አላቅቅ! ቃፊር ይንገር፣ ዘበኛ እብጠትን ይምታ፣ እብጠት ይውረድ፣ ክንድ ይነሣ!»

«አላላቅቅም» አለ መድኃኒት። «ከብልቃጥ ማን አውጥቶኝ?»

«ዶክተር፣ መድኃኒቱን ስጥ! መድኃኒት እጅ ያላቅቅ፣ ቃፊር ይንገር፣ ዘበኛ እብጠትን ይምታ፣ እብጠት ይውረድ፣ ክንድ ይነሣ!»

«አልሰጥም» አለ ዶክተር ኅሩይ። «እማማ እሺ አላሉማ!»

«እማማ፣ እሺ በይ! ዶክተር ይስጥ፣ መድኃኒት እጅ ያላቅቅ፣ ቃፊር ይንገር፣ ዘበኛ እብጠትን ይምታ፣ እብጠት ይውረድ፣ ክንድ ይነሣ!»

«አልልም» አሉ እማማ። «የገዛ ሥጋዬን በገዛ ዘበኛዬ ላስደበድብ? መጣላቱ ካልቀረ ከጎረቤት ብጣላ ይሻለኛል።»

«እማማ» አለ ዶክተሩ፣ «ለሁሉም ሰው አይሠራም፤ አልዋሽዎትም። ዝም ካልነው ግን ከብብት ወደ ሳንባ ይሄዳል። ያን ጊዜ እንኳን ሊያዝሉ…»

ስንዱ አላስጨረሰችውም። ሕፃኗን አምጥታ ጭናቸው ላይ አስቀመጠቻት።

«የገዛ ሥጋሽ ይቺውልሽ። ከሁለቱ የቱን ነው የምታሳድጊው?»

ሕፃኗ አፏን ከፍታ ጮኸች። እማማ አዩዋት፣ አዩዋትና ወደ ዶክተሩ ዞሩ።

«አንተ ደግሞ ምን ይገትርሃል? አምጣው እንጂ!»

እማማ እሺ ሲሉ ዶክተር ሰጠ፤ ዶክተር ሲሰጥ መድኃኒት እጅ አላቀቀ፤ እጅ ሲላቀቅ ቃፊር ነገረ፤ ቃፊር ሲነግር ዘበኛ ዱላውን ጨበጠ።

«አምስተኛውን አያት ድገምልኝ» አለው።

እብጠት ተንተባተበ። ዘበኛ መታው፣ ተራብቶ መታው፣ መቶ ሺህ ሆኖ መታው። እማማን አተኮሳቸው፣ አሳከካቸው፤ «ቤቴን ጦር ሜዳ አደረጋችሁት!» እያሉ ወራት ተራገሙ። እብጠት ሎሚ አከለ፣ ሽምብራ አከለ፣ ወረደ። እብጠት ሲወርድ ክንድ ተነሣ።

አንቀልባው ከነአቧራው ወረደ። እማማ ሕፃኗን አዝለው ደጅ ቢወጡ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያያቸዋል።

«ምን ታያላችሁ?» አሉ እሹሩሩ እያሉ። «የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። እሰይ፣ ደግ አደረግሁ!»