የፊታውራሪ መሸሻ «አሁን»

ድሮ ነው። አያ ስንሻው የሚባል አፈኛ ገበሬ ነበር ይላሉ። ጎረቤቱ ጓንጉል «ገብሴን በላብኝ» ብሎ ከጥማድ በሬዎቹ አንዱን ይዞ በረቱ ውስጥ ዘጋበት። ክረምቱ ገብቷል፤ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ዝናቡ ሳይዘራበት ካለፈ የዓመት ቀለቡ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ስንሻው ነገሩን ወደ አገረ ገዥው ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ችሎት ወሰደው።

ፊታውራሪ ክፉ ሰው አልነበሩም። ብቻ ለተጠየቁት ሁሉ መልሳቸው «አሁን» ነው። የቤታቸውም ሰው ይህንኑ ለምዷል።

በመጀመሪያው ቀን በረኛው «እዚሁ ቁም አያ ስንሻው፣ አሁን ይወጣሉ» አለው። ስንሻው ይህን ሲሰማ ከዋርካው ሥር ተቀመጠና ስንቁን ፈታ።

«ምነው፣ አሁን ይወጣሉ አልኩህ እኮ» አለው በረኛው።

«ስላልከኝ ነው የፈታሁት። ቆይተው ይወጣሉ ብትለኝ ኖሮ ቤቴ ደርሼ፣ በልቼ እመጣ ነበር።»

ፊታውራሪ አመሻሽ ላይ ወጥተው «አሁን እፈርዳለሁ፤ እስከዚያው ዋስ ጥሩ» አሉ። ስንሻው ዋስ አላጣም። ጓንጉል ግን ለማንም ዋስ ሆኖ ስለማያውቅ፣ ለእሱም የሚሆን ጠፋ። ያን ጊዜ ዋስ ያጣ ሰው ከከሳሹ ጋር ይቆራኛል፤ የሁለቱ ኩታ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ እስከ ፍርዱ ቀን አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ። እንዲህ ሆኖ ስንሻው ጓንጉል ቤት ሰነበተ። የመጀመሪያው ራት አንድ አንድ ጭብጥ ቆሎ ነበረች። በማግስቱ ቀትር ሲሆን ምሳ ጠየቀ።

«አንተ ሰው፣ አሁን በላን አይደል እንዴ?» አለው ጓንጉል።

«ያንተ አሁን ትናንት ነው፤ የፊታውራሪ አሁን ነገ ነው። ዛሬ ላይ የቀረው የኔ ሆድ ብቻ ነው።»

በአምስተኛው ቀን ስንሻው ችሎት ፊት ቀርቦ ጮኸ። ፊታውራሪ ተሰላቹ። «አሁን አልኩህ፤ ለምን ትነዘንዘኛለህ?»

«እኔማ እጠብቃለሁ ጌታዬ። ለዝናቡም አንድ ጊዜ አሁን ይበሉትና ይጠብቀኝ።»

በሳምንቱ የሁዳድ ቀን ሆነ። በዚያ ቀን ያገሩ ገበሬ ሁሉ በሬዎቹን ጠምዶ የገዥውን መሬት ያርሳል። ስንሻው ቀንበሩን ባንድ በሬ ጫንቃ ላይ አድርጎ፣ ጓንጉልን በኩታው እየጎተተ መጣ። ፊታውራሪ በበቅሏቸው ላይ ሆነው አዩት።

«ሁለተኛው በሬ የት አለ?»

«አሁን ይመጣል ጌታዬ።»

ጠበቁ። ሌላው ገበሬ እኩሌታውን አርሶ ጨረሰ። ስንሻው እንደቆመ ነው።

«ምን ያህል ነው ይሄ ያንተ አሁን?»

«እኔ ከየት አውቄ። ከርስዎ የተዋስኩት ነው።»

ከአራሾቹ አንዱ ጅራፉ ወደቀበትና ሊያነሳ አጎነበሰ፤ ቀና ሳይል ብዙ ቆየ። ፊታውራሪ ወደ ጓንጉል ዞሩ።

«በሬው ገብስህን ሲበላ ያየ ምስክር አለህ?»

«የለኝም ጌታዬ።»

«እንግዲያው በሬውን አሁን መልስለት።»

ጓንጉል እጅ ነሣ። ስንሻው ግን ኩታውን ሳይፈታ ቆመ።

«ፈረድኩልህ እኮ፤ ደግሞ ምን ቀረህ?» አሉት።

«ዕድሜ ይስጥልኝ ጌታዬ። ብቻ አሁን የሚለውን ይተዉትና፣ ዛሬ ይበሉልኝ።»